ድምፅ የነፈጋቸው ኮምፒውተር

የታይፔ ዝናብ ሲያባርራት መምህርት ሩ-ዪን ያገኘችው መጠለያ የአዛውንቱ ጂየን የኮምፒውተር ሱቅ ነበር። ከበሩ ሳትርቅ ጉዳይዋን ጀመረች።

«አጎቴ፣ ለተራራው ትምህርት ቤታችን አዳዲስ ኮምፒውተሮች እፈልጋለሁ። ግን ከዚህ ሲወጡ ነጻና ክፍት ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ይሁን።»

«ክፍት ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«አሠራሩ ከማንም ያልተደበቀ፤ የቻለ ሁሉ የሚጠግነው።»

ጂየን ሳቁባት። «ነጻ ሲባል ጊዜ ሮጥሽ! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ባዶውን ውሰጂና ራስሽ ጫኚበት።»

«እዚያ ማን ይጭነዋል? ልጆቹ የሚለምዱት ከካርቶኑ ሲወጣ ያገኙትን ነው።»

አዛውንቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የለመዱትን የሚያምኑ ናቸው እንጂ። እንደ ገበያው ሰው ሁሉ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ እሽግ ያስቀምጣሉ፤ የእሽጉ ስም «ጨዋ ሁን» ማለት ነውና ማሽኑ እንዳያስቸግር። ከዚህ ወዲያ ዋስትና አያሻም ባይ ናቸው። ሩ-ዪን ግን ጥግ ላይ ካለ አሮጌ ኮምፒውተር አናት አዲስ እሽግ አየች።

«ያኛውስ የማን ነው?»

«የሟች ሚስቴ። ዘፈኗን የቀዳችበት ነው። ይበራል፣ አያሰማም። ማጫወቻው ፕሮግራም ፈቃድ አሳድስ ይለኛል፤ የሠራው ድርጅት ተዘግቷል፣ ማን ያድስልኝ? እሽጉን በየዓመቱ እለውጥለታለሁ፤ አንድ ቀን ይታረቀኝ ይሆናል ብዬ።»

የሚስታቸው ፊት ከዓይናቸው አልጠፋም። ድምፅዋ ግን ከጆሯቸው እየራቀ ነበር፤ ናፍቆታቸውን ያከበደውም ይኸው ነው።

«አጎቴ፣ ገደሉ እኮ ይኸ ነው» አለች ሩ-ዪን ቀስ ብላ። «የፕሮግራሙ ባለቤት ቆልፎ ሲሄድ የሚስትዎ ድምፅ ውስጥ ቀረ። የክፍቱ ሠሪ ቢሞት እንኳ ሌላው ይቀጥለዋል። ልሞክረው?»

ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ነጻውን ማጫወቻ ጫነችበት። ጥቂት ቆይቶ የሴት ዘፈን ሱቁን ሞላው። መሃል ላይ ግን ዘፈኑ ተቋረጠና የሚስታቸው ድምፅ ተጣራ። «አንተ ሰውዬ! ሾርባው ገነፈለ እኮ፣ አትሰማም?»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አሉ ጂየን ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ሱቁ ውስጥ ምድጃ አልነበረም።

እንደቆሙ እንባቸውን ጠረጉ። «ሁሉም ላይ ጫኚ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሱቅ የሚወጣ ሁሉ ተጭኖበት ይወጣል። እሽጉ ግን አይቀርም!»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ሰው የሠራውን ነገር ሁልጊዜ መክፈት የሚችለው መክፈቻው በአንድ ሰው ኪስ ያልቀረ እንደሆነ ነው፤ ይህም ማሽኑ ገና ከሱቅ ሳይወጣ ሊታሰብበት ይገባል። የተራራው ልጆች ዛሬ የሚጽፉትንም ሲያረጁ ያነቡታል።

ዝናቡ አባርቶ ሩ-ዪን ልትነሣ ስትል ጂየን እጅዋን ያዙ።

«ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት… እስቲ ሾርባው ጋ መልሺልኝ።»