ስልሳ በመቶ አልጋ

(አዲስ አበባ፣ ቤት ሠርቶ በሚሸጥ አንድ ድርጅት ቢሮ። አናጢው ጋሽ በድሉ የአልጋ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው፣ የቤት ውስጥ ዲዛይን በኮምፒውተር በምትሠራው በረድኤት ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።)

ጋሽ በድሉ፦ አልሠራውም አልኩሽ! የባልና ሚስት አልጋ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአሥራ አራት? እግራቸውን የት ያድርጉት፣ ኮሪደር?

ረድኤት፦ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ አለቃዬ ይሰሙናል። ልኩ ከሥዕሉ ላይ የወጣ ነው።

ጋሽ በድሉ፦ ሥዕሉ ላይ ማን ተኝቶበት አየሽ? ቁም ሳጥን ብለሽ የጻፍሽው ደግሞ ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው። ቁጭ ሳጥን በይው።

ረድኤት፦ የሥዕሉን ዕቃዎች የምናወርደው ከኢንተርኔት ነው እኮ። አንዱ በኢንች ሠርቶ ይለቀዋል፣ አንዱ በሚሊሜትር። የእኔ ፕሮግራም ሁሉንም በሳንቲሜትር ያነበዋል። ይሄ አልጋ መጀመሪያ ሲገባ ጣሪያውን ቀዶ ወጣ።

ጋሽ በድሉ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ረድኤት፦ ቁም ሳጥኑ በጀርባው ተንጋሎ፣ ከሰል መስሎ መጣ። አቃናሁት፣ ቀለሙን ፈልጌ አለበስኩት። አልጋውን በዓይኔ እያየሁ፣ ጎትቼ ጎትቼ አሳነስኩት።

ጋሽ በድሉ፦ በዓይንሽ! እኔ አንድ መሳቢያ በዓይኔ ለክቼ ብሠራ ደንበኛ ራሴ ላይ ይሰብረዋል።

ረድኤት፦ በማግስቱ ከልኩ በታች ማነሱን አይቼ ላስተካክል ስል አለቃዬ አቶ መንበሩ ደረሱ። «እንዳትነኪው! ክፍሉ ሰፋ እኮ!» አሉ። ከዚያ የሁሉንም ዕቃ ልክ ወደ ስልሳ በመቶ አስወረዱኝ።

ጋሽ በድሉ፦ አሃ! ግድግዳ ሳይገፉ ቤት ማስፋት። እኔ ሞኙ ስንት ዘመን በመጋዝ ስደክም ኖሬያለሁ!

ረድኤት፦ በሥዕል ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ሐሙስ ውል የሚፈርሙት ገዢ «ክፍሉን ዕቃ ገብቶበት ልየው» አሉ። እርስዎ የተጠሩት ለዚህ ነው፤ በሥዕሉ ልክ ሠርተው ማሳያ ቤቱ ውስጥ እንዲያስገቡ።

ጋሽ በድሉ፦ ገዢው ማን ናቸው?

ረድኤት፦ ሲስተር የሺመቤት የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ። የአባታቸውን ቤት ሸጠው ነው የሚገዙት። ባለቤታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ያለውን መተላለፊያ ሥዕሉ ላይ ሲያዩ እንባቸው መጣ። «እንግዲህ እኔ ሳልሸከመው ራሱ አልጋው ጋ ይደርሳል» አሉ።

ጋሽ በድሉ፦ ይህን እያወቅሽ ነው?

ረድኤት፦ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ጋሼ።

ጋሽ በድሉ፦ አልቆጣሽም ልጄ። እኔም በወጣትነቴ አለቃዬ የነቀዘ እንጨት በቀለም አስደብቆኛል። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ደጃፍ አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። በይ ተሽከርካሪ ወንበር እዚያ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ፈልጊልኝ።

ረድኤት፦ አለ። ይኸው... ውይ፣ እሱም ተገልብጦ መጣ። ላቃናው። ስፋቱ ሰባ ሳንቲም።

ጋሽ በድሉ፦ ታዲያ እሱንም በስልሳ በመቶ አሳንሺዋ! ባልየውንም አብረሽ።

ረድኤት፦ ኧረ ይተዉኝ ጋሼ!

ጋሽ በድሉ፦ እንግዲያስ አልጋውን ወደ ሰው ልክ መልሺው። ወርዱ አንድ ከስልሳ፣ ርዝመቱ አንድ ከዘጠና። የቁም ሳጥኑን ጥልቀት ስልሳ አድርጊው። መሃሉ ስንት ቀረ?

ረድኤት፦ ስልሳ።

ጋሽ በድሉ፦ ወንበሩን አሳልፊው።

ረድኤት፦ ፕሮግራሙማ ያሳልፈዋል። ጎማው ግን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ነው።

ጋሽ በድሉ፦ ባልየው ልብስ መስለው ተሰቀሉ በይኛ።

ረድኤት፦ አያስቁኝ፣ ላለቅስ ነው።

ጋሽ በድሉ፦ እኔ አልሠራም ብል አቶ መንበሩ ሌላ አናጢ አያጡም። አንቺ ሥዕሉን ወደ ነበረበት መልሺው፣ ከእንጀራሽ አትጣዪ። ለሲስተር እኔው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ረድኤት፦ በቃል ብቻ አያምኑዎትም ጋሼ። ትክክለኛውን ሥዕል አሁን በስልካቸው ላክሁላቸው፤ የሠራሁት እኔ እንደሆንኩም ስሜን ከሥሩ ጽፌበታለሁ።