የፈትያ ፀጉር

ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ፀጉር ቤት፣ ከቀትር በኋላ፤ አርባ ዓመት ያለፋት ፀጉር ሠሪ አስካል ዛሬ ወደ ዱባይ ለመሄድ ከገጠር በወጣችው በሃያ ዓመቷ ጦይባ ራስ ላይ ረጅም ፀጉር እየሰፋች ነው፤ ደላላው ደርቤ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

ጦይባ፦ ኧረ እትዬ አስካል፣ ሹሩባ አልፈልግም አልኩ እኮ! እስከ ወገቤ የሚወርደውን ነው የመረጥኩት።

አስካል፦ አንቺ ነሽ የመረጥሽው?

ጦይባ፦ ጋሼ ደርቤ ነው ያሳየኝ። እኔም ወደድኩት። ያው አይደል?

አስካል፦ ያው አይደለም። ጎንበስ በይ። ቤት ለመጥረግ ለምትሄድ ልጅ እስከ ወገብ የሚወርድ ፀጉር ምን ያደርግላታል? ወለሉን ልትወለውዪበት ነው?

ጦይባ፦ እርስዎ ደግሞ! ሴት ልጅ ለምን ፀጉር ትቀጥላለች? እንድታምር ነዋ።

አስካል፦ ለማን?

ጦይባ፦ ለራሷ።

አስካል፦ ለራሷ የምትሠራም አለች፤ አልዋሽም። እዚህ ወንበር ላይ ያላስቀመጥኩት የለም። አንዷ ወልዳ ፀጉሯ ረግፎባት ትመጣለች፣ አንዷ ታማ፣ አንዷ ሠርግ ተጠርታ፣ አንዷ ጎረቤቷ ሠርታ አይታ እንቅልፍ አጥታ። ሁሉም ግን ከገዛ ቦርሳዋ ከፍላ፣ ይህን ወደድኩ ያንን ጠላሁ ብላ፣ ጨቅጭቃኝ ነው የምትሄድ። ደላላ ከፍሎላት፣ ደላላ መርጦላት የምትመጣ ግን...

ጦይባ፦ ግን ምን?

አስካል፦ መርፌው ወጋኝ።

ጦይባ፦ አብሽሩ። ፎቶ ስለምነሣ ነው እኮ። ማዳሞቹ በፎቶ ነው አሉ የሚመርጡት፤ ዘመናዊ ሴት ይወዳሉ። ሂጃቤንም ለፎቶው ብቻ አውልቂ ብሎኛል።

አስካል፦ ዓረብ አገር ልትሄጂ ሂጃብሽን አውልቂ አለሽ?

ጦይባ፦ ለፎቶው ብቻ።

አስካል፦ ሊፕስቲኩንም ለፎቶው ነው የገዛልሽ?

ጦይባ፦ እሱን በምን አወቁ?

አስካል፦ ከንፈርሽ ላይ ነው ያለው፣ የኔ እናት፤ ጠንቋይ አያስፈልገውም። ፓስፖርትሽ የት ነው?

ጦይባ፦ እሱ ጋ። እንዳይጠፋብሽ ብሎ ያዘልኝ።

አስካል፦ ስልክሽስ?

ጦይባ፦ ይኸው እጄ ላይ። አዲስ አበባ ስንደርስ ነው የሚወስደው፤ የዚያን አገር ሲም አስገብቶ ይመልስልኛል። ምነው ደግሞ ዛሬ ፖሊስ ሆኑ?

አስካል፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?

ጦይባ፦ የተጠራጠረም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያረጃል። እርስዎስ ቤሩት ኖረው፣ ሠርተው፣ ይኸው ፀጉር ቤት ከፈቱ። ፀጉርዎ ከኔ ይረዝማል፤ ያብረቀርቃል። እኔ ስመኝ ነው ነውሩ?

አስካል፦ ይኼን ነው የተመኘሽው? እንኪ፣ ያዢው።

ጦይባ፦ ያ አላህ! ዊግ ነው እንዴ? ራስዎ... እትዬ አስካል፣ ራስዎ ምን ሆኖ ነው?

አስካል፦ የገባሁ ዕለት ማዳሟ መታጠቢያ ቤት አስገብታ በባሏ ምላጭ ላጨችኝ። ቅማል ፈርታ እንዳይመስልሽ፤ ባሏን ፈርታ ነው። ፀጉሬ ብቅ ሲል ትላጨኛለች፤ ቆስሎም ከሆነ በቁስሉ ላይ። በመጨረሻ ፀጉሩ ራሱ እምቢ ብሎ ቀረ። እኔ ዊግ የማደርገው ለማማር አይደለም፤ ሰው አይቶኝ እንዳይጠይቀኝ ነው።

ጦይባ፦ አስተግፊሩላህ! ያጥልቁት፣ ያጥልቁት፤ እንዲህ ሆነው አላይዎትም።

አስካል፦ አጠልቀዋለሁ። አንቺ ግን ልብ በይ። የቤት ሠራተኛ ትላጫለች እንጂ አትሽሞነሞንም። የትኛዋ ማዳም ናት ከሷ የበለጠች ቆንጆ ጓዳዋ የምታስገባው? በግ ታጥቦ የሚበጠረው መቼ ነው?

ጦይባ፦ ገበያ ሲወጣ።

አስካል፦ እኔ አላልኩም። አንቺው ነሽ ያልሽው።

ጦይባ፦ ያስፈራሩኛል! ቤሩት ሌላ ዱባይ ሌላ። ፈትያ ሄዳ የለም እንዴ? አብሮ አደጌ ናት፤ ቤታችን አጥር ነው የሚለየው። ጋሼ ደርቤ ነው የላካት፤ እርስዎ ነዎት ፀጉሯን የሠሩላት።

አስካል፦ ፈትያ... ቀይዋ? ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነው?

ጦይባ፦ እሷ! ጥርሷ ተደራርቦ ያሳፍራታል።

አስካል፦ አስታወስኳት። እዚችው ወንበር ላይ ነበረች። ስታስቀኝ ውላ... ደህና ናት?

ጦይባ፦ ደህና ናት። ትጽፍልኛለች። ከጋሼ ደርቤም ያገናኘችኝ እሷ ናት፤ «ሥራው ቀላል ነው፣ ነይ» ብላ።

አስካል፦ ድምጿን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ጦይባ፦ ማዳሟ መደወል ከልክላታለች። በጽሑፍ ብቻ ነው።

አስካል፦ እናቷስ?

ጦይባ፦ እናቷ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ነኝ የማነብላቸው። «እማዬ አታስቢ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ፦ «ልጄ እኮ ዘምዘም እያለች በስሜ ነበር የምትጠራኝ፤ ሰው አገር ገብታ ሠለጠነች!» ይላሉ።

አስካል፦ ይስቃሉ?

ጦይባ፦ ስቀው ከዚያ ያለቅሳሉ። ምነው? የናፍቆት ነው።

አስካል፦ ፎቶ ልካልሽ ታውቃለች?

ጦይባ፦ በየጊዜው ነዋ! እንዲያውም ይዩና ያፍሩ። ይቺ እንደደረሰች የላከችው። ይቺ የረመዳን። ይቺ የዒድ፤ ቀሚሷን አዩት? ይቺ ደግሞ ባለፈው ሳምንት። ተጎሳቁላለች? አላማረባትም?

አስካል፦ ቆይ። መልሺው። እስኪ እዚህ ጆሮዋ ጋ አተልቂልኝ።

ጦይባ፦ ይኸው። ምን አዩ?

አስካል፦ ወደ ዒዱ ሂጂ። አሁን ወደ መጀመሪያው... ከዚህ የሄደችው መቼ ነበር?

ጦይባ፦ አምና፣ በዚሁ ሰሞን። ለምን ጠየቁ?

አስካል፦ ጦይባ፣ በእርጋታ ስሚኝ። የተሰፋ ፀጉር የሚቀመጠው በራስሽ ፀጉር ላይ ነው። ያንቺ ሲያድግ ስፌቱ ከራስ ቅልሽ እየራቀ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ወር ሲሆን ይላላል፣ ያስጠላል፤ ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። የዚች ልጅ ስፌት ግን አልወረደም። በረመዳንም፣ በዒድም፣ ባለፈው ሳምንትም ራሷ ላይ ልጥፍ እንዳለ ነው።

ጦይባ፦ ታሳድሰዋለቻ! ዱባይ ፀጉር ቤት ጠፍቶ ነው?

አስካል፦ አልጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ያን ዕለት ጥቁር ክር አለቀብኝና ጆሮዋ ሥር ያለውን በቡኒ ክር ጨረስኩላት። «ማንም አያየውም» ብዬ አባበልኳት። ይኸውልሽ ቡኒው ክር። ይኸው ረመዳን ላይ። ይኸው ዒድ ላይ። ይኸው ባለፈው ሳምንት።

ጦይባ፦ እስኪ ላተልቀው... አዎ፣ ቡኒ ነው።

አስካል፦ ቀሚሱ ይለያያል፣ ግድግዳው ይለያያል። ፀጉሯ ግን ከእጄ የወጣች ዕለት እንደነበረው ነው፤ ጥቅልሉ እንኳ አልተፈታ። እነዚህ ፎቶዎች የዓመት አይደሉም። የአንድ ቀን ናቸው።

ጦይባ፦ እኔም የተለያየ ቀሚስ ይዣለሁ።

አስካል፦ ምን አልሽ?

ጦይባ፦ ቅያሪ ቀሚሶች ያዢ አለኝ። ከዚህ ስንወጣ መጀመሪያ ፎቶ ቤት ነው የምንገባው። እየቀያየርሽ ትነሺያለሽ፣ ለማዳሞቹ ብዙ ፎቶ ያስፈልጋል አለኝ... እትዬ አስካል፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ የሚጽፍልኝ ማን ነው?

አስካል፦ አላውቅም።

ጦይባ፦ ፈትያስ? ፈትያ የት ናት?

አስካል፦ እኔ ምን ልበልሽ! በእነዚህ እጆቼ አሳምሬ ሸኘኋት። ያን ጊዜም ደላላ ለሠራተኛ ፀጉር ያሠራል ወይ ብዬ አስቤያለሁ። አስቤ ዝም አልኩ። ከሷም ወዲህ ሌሎች አምጥቶልኛል።

ጦይባ፦ እንግዲያው ዛሬስ ለምን ተናገሩ?

አስካል፦ ሲያመጣሽ በር ላይ ቆሞ «እንደ በፊቷ አድርጊልኝ» አለኝ። ሰው እንደ ዕቃ በናሙና ሲታዘዝ ሰማሁ።

ጦይባ፦ አሁን ምን ልሁን? ተመልሼ ልግባ? መንደሩ በሙሉ ዱዓ አድርጎ ነው የሸኘኝ። ማትሪክ ከወደቅሁ ወዲህ «ቆማ ቀረች» ሲሉኝ የኖሩ ሴቶች ናቸው ትናንት አቅፈው የሳሙኝ። ዛሬ «ፀጉር ሠሪዋ ክር አይታ አስቀረችኝ» ልበላቸው? አባቴ ሽማግሌ ፊት በምን ዓይኑ ይወጣል?

አስካል፦ ሐፍረት ይታጠባል፤ በገላ ላይ የመጣ ግን...

ጦይባ፦ ምናልባት ተሳስተው ቢሆንስ? ክር እኮ ነው! በአንዲት ክር ዕድሌን ልዝጋ?

አስካል፦ ብሳሳት ደስታዬ ነበር። ዝም በይ፣ ስልኬ ነው። እሱ ነው... አቤት አቶ ደርቤ። እየሠራሁ ነው። አዎ፣ እስከ ወገብ። የለም፣ ገና ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ይጠቀለላል... መጋረጃው? ፀሐይ ገብቶብን ነው። አታለቅስም፤ ለምን ታለቅሳለች? ሴት ፀጉር ስትሠራ ራሷን ያማታል፣ እሱ ነው። እሺ። እሺ አልኩ እኮ፣ አፈጥናለሁ።

ጦይባ፦ ሰምቶኛል?

አስካል፦ ድምፅሽን ሰምቷል። «ወሬ አታብዢባት» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ።

ጦይባ፦ ምን ያህል ይታገሣል?

አስካል፦ ብዙ አይታገሥም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፤ የመጨረሻ አንድ ነገር እንሞክርና ከዚያ በኋላ የራስሽ ጉዳይ ነው፣ አልከለክልሽም። ለፈትያ ጻፊላት።

ጦይባ፦ ምን ብዬ?

አስካል፦ «ፀጉር ቤት ነኝ። ፈራሁ። ልቅር ወይ?» በይ። ሌላ አትጨምሪ። እኔ በመጋረጃው ጠርዝ እሱን አያለሁ። ልትልኪው ስትዪ ንገሪኝ።

ጦይባ፦ ጻፍኩ። ይኸው... ላክሁት።

አስካል፦ ተቀምጧል። ጫት ይቅማል። አንድ ስልክ እጁ ላይ ነው፤ እሱን እየነካካ ነው።

ጦይባ፦ እዚህም ምንም የለም። አዩ? ፈትያ ሥራ ላይ ትሆናለች። ማታ ነው ብዙ ጊዜ የምትመልስልኝ።

አስካል፦ ቆይ።

ጦይባ፦ ምን?

አስካል፦ የያዘውን ስልክ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ቦርሳ አወጣ... ሌላ ስልክ ነው። ብዙ ስልኮች ናቸው። አንዱን መረጠ።

ጦይባ፦ መልእክቴ ተነበበ።

አስካል፦ እያነበበ ነው።

ጦይባ፦ ዝም ይበሉ፣ በአላህ ዝም ይበሉ! «እየጻፈች ነው» ይላል።

አስካል፦ አውራ ጣቱ እየሠራ ነው። ወደዚህ ቀና አለ። አላየኝም። አሁን ጨረሰ።

ጦይባ፦ መጣ።

አስካል፦ ምን ይላል?

ጦይባ፦ «አትፍሪ ውዴ፣ እኔም ያኔ ፈርቼ ነበር። ፀጉርሽ ሲያልቅ ቶሎ ውጪ፤ ጋሼ ደርቤ እንደ አባት ነው።»

አስካል፦ የመኪናውን በር ከፈተ። ወረደ። ወደዚህ እየመጣ ነው፣ ጦይባ!

ጦይባ፦ በሩን ይቆልፉ፣ እትዬ አስካል። መናኸሪያው ሰው ሞልቷል፤ እኔ በመስኮቱ ኡኡ ልል ነው።