መጋቢት ላይ የሚወጣው ታብሌት

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ፤ ዓይኑን የታመመው የማተሚያ ቤት አራሚ አስናቀ ልታስታምመው ከመጣችው ታላቅ እኅቱ ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ይከራከራል።

አስናቀ፦ አልኩሽ እኮ እትዬ፣ ያንን አሮጌ አልገዛም! አዲሱ ታብሌት መጋቢት ላይ ይወጣል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። ስፋቱ ትሪ ያህላል አሉ።

ዘርፌ፦ ምግብ ልታቀርብበት ነው? ፒያሳ ያለውም ደህና ነው። አሁን ብንነሳ ዛሬውኑ ይዘነው እንገባለን።

አስናቀ፦ የፒያሳውን አይቼዋለሁ። ፎቶ ሲያጎሉበት ይፈራርሳል። በአዲሱ ግን የሰው ፊት ቢያጎሉ የቅንድቡ ፀጉር ይቆጠራል ተብሏል።

ዘርፌ፦ ነጋዴ ምን የማይለው አለ!

አስናቀ፦ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ዓይኔን ጨረስኩት። በቀረችኝ ደግሞ ነፍሷን ይማርና ሚስቴን ልይባት። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ የምንትዋብን ፎቶ ከአልበሙ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም። «ጥፍር በምታህል ፎቶ ላይ ማፍጠጥ ዓይን ይጎዳል፣ አሳርፈው» ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ዘርፌ፦ ለአንተው ብዬ ነዋ።

አስናቀ፦ እኔም እሺ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ አሳረፍኩት። ሦስት ወር ብጨምር ምን እሆናለሁ?

ዘርፌ፦ ሦስት ወር ረጅም ነው።

አስናቀ፦ ለማን?

ዘርፌ፦ ለ... ለሁላችንም። እስከዚያ ደግሞ ይወደድ ይሆናል።

አስናቀ፦ እትዬ፣ አንቺ እኮ አንድ ጭልፋ ለመግዛት ገበያውን ሦስቴ የምትዞሪ ሰው ነሽ። ዛሬ ካልሆነ ያሰኘሽ ምንድን ነው?

ዘርፌ፦ ምንም።

አስናቀ፦ ያን ቀን ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ «ቤተሰብ ይግባ» ብሎ አንቺን አስገባ። ስትወጪ «ጠብታውን በሰዓቱ ካደረገ ይሻለዋል አለ» አልሽኝ። እውነት እንደዚያ ነው ያለው?

ዘርፌ፦ ተወኝ በሞቴ።

አስናቀ፦ ንገሪኝ!

ዘርፌ፦ «እስከ ጥምቀት ካየ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ... ከዚያ ወዲያ ተስፋ የለውም አለ።

አስናቀ፦ ጥምቀት እኮ ወር አልቀረውም!

ዘርፌ፦ አውቃለሁ።

አስናቀ፦ ሁለት ወር ሙሉ ይዘሽው አብረሽኝ ምሳ ትበያለሽ?

ዘርፌ፦ ሰው ሲሞት እንኳ መርዶው የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እኔ ይህንን ብቻዬን ምን ብዬ ላርዳህ? አንተ እንቅልፍ ሲወስድህ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነው የከረምኩት።

አስናቀ፦ አንቺ አልቅሰሽ ይወጣልሻል። የእኔን ሁለት ወር ግን ማን ይመልስልኛል? አሳርፈው ባትዪኝ በየቀኑ አያት ነበር!

ዘርፌ፦ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው፣ ወንድሜ። ጫማዬን ላድርግና ሮጬ የፒያሳውን ይዤልህ ልምጣ።

አስናቀ፦ የትም አትሄጂም። እስክትመለሽ ይመሻል። አልበሙን አውርጂና መስኮቱ ጋ እንቀመጥ።

ዘርፌ፦ ይኸው፣ ያዝ።

አስናቀ፦ ይቺ... ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። የት የተነሳነው ነው?

ዘርፌ፦ የሠርጋችሁ ቀን ነው። ከእናቷ ቤት ይዘሃት ስትወጣ። እንዴት ፍልቅልቅ ብላ እንደምትስቅ!

አስናቀ፦ ያን ቀን ምንትዋብ ከእናቷ ቤት የወጣችው እያለቀሰች ነው፣ እትዬ። እንደገና እዪና ያየሽውን ንገሪኝ።