ጋቦር ቫዮሊን ይችል ነበር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከአሌክሳንድሪያም ከሲልቨር ስፕሪንግም ሥራችሁን ትታችሁ ለጋቦር ቀብር የመጣችሁ ወዳጆች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ልሳነወርቅ እባላለሁ። ከጋቦር ጋር ለዓመታት ጎን ለጎን ቫዮሊን ተጫውቻለሁ፤ እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ባለቤቱ ዕድላዊት ትናንት ደውላ፣ "አንተ ተናገርለት። ግን ቅዱስ እንዳታደርግብኝ፤ ማንም አያምንህም" አለችኝ።

እሺ፣ ዕድላዊት።

ጋቦር ቫዮሊን ይችል ነበር። በልጅነቱ ቡዳፔስትን አስጨበጨበ፤ ጎልምሶ ቪየናን፣ ፓሪስን። ደጋኑን ሲያነሳ አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። ይሄን አልክድም። ሌላስ? ሌላስ ምን ይችል ነበር? ማመስገን ይችል ነበር? ሰው ማክበር ይችል ነበር?

የፋናን ሠርግ ታስታውሳላችሁ። ፋና የሚስቱ እህት ናት፤ ለምና ለምና እሺ አሰኘችው። መጫወት ሲጀምር ደስ ብሏችሁ አጨበጨባችሁ። ምን አደረገ? አቆመ! ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና "እዚህ የሚሰማ ጆሮ የለም" ብሎ ወጣ። ሙሽራዋ በቬሏ ፓርኪንግ ድረስ ተከተለችው። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ታላቁ አርቲስት!

የባሰው ግን የመጨረሻው ኮንሰርቱ ነው። በፒያኖ የምታጅበው ዮሐና ነበረች። ያቻትና፣ አበባ ይዛ ቆማለች። መሃል ላይ ጣቶቹ ከዱት፤ አንድ ሙሉ መስመር ዘለለ። ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ወደ ሕዝቡ ዞረና "ይቅርታ፣ ፒያኒስቷ ስታለች" አለ። ሰው ሳቀ። ከመድረክ ጀርባ "የሳትከው አንተ ነህ" ስለው፣ "አንተ ሁለተኛ ቫዮሊን ነህ፤ ምን አገባህ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዮሐናን የጠራት መድረክ የለም።

ባለፈው ወር ሆስፒታል አስጠራት። ይቅርታ ሊጠይቃት ነው ብለን እኔና ዕድላዊት በሩን ገርበብ አድርገን ኮሪደር ወጣን። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ያን ቀን ቸኩለሽ ነበር።" ሊሞት ተኝቶ! እሷ ትራሱን አስተካከለች፣ ሾርባውን በማንኪያ አጠጣችው፣ ግንባሩን ስማው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ነው ያለቀሰችው።

ዛሬ ከእነዚያ ታላላቅ አዳራሾች ማን መጣ? ማን? አስከሬኑን የተሸከሙት የሚስቱ ዘመዶች ናቸው።

ስማኝ ጋቦር። ያን ቃል ሰው ፊት ተናግረኸዋል፤ እኔም ሰው ፊት እመልሰዋለሁ። ዮሐና አልሳተችም። አንተ ነህ የሳትከው። ይቅርታ ልትጠይቃት አልቻልክም፤ እሷ ግን ሳትጠየቅ ሰጥታሃለች። እኔ ገና አልሰጠሁህም።

ዮሐና፣ ነይ እህቴ። መጀመሪያ አፈር የምታለብሺው አንቺ ነሽ።

በል፣ ደህና ሁን ጋቦር።