ከማክሰኞ በፊት የምለው

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ሀዞዋሪ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ውለታችሁን ይክፈልልኝ። ዶሮውን በሩዝ ዱቄት አድርጎ የሠራው እጅ አይንቀጥቀጥ። አቶ ሀዞዋሪ አሮናዩን፣ ያንን የክብር ሻርፕ፣ አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ ወደ ኋላ ሸሸት ማለቴን አይታችኋል። ከኋላ ወንበር «አፍራ ነው» የሚል ሳቅ ሰማሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከእናንተ ጋር የሠራች ሴትዮ ዛሬ ከየት አምጥታ ታፍራለች? አላፈርኩም። ፈርቼ ነው።

የፈራሁትን እነግራችኋለሁ። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከጥቁር ሰሌዳው ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ አንድ ነው። እኔ ቋንቋችንን ቦዶን አስተምራለሁ፣ ሞይኑል ዐረብኛ። ክፍል ስላነሰን ሰሌዳውን ተካፈልነው። እኔ ከግራ ጀምሬ እጽፋለሁ፣ እሱ ከቀኝ ይመጣል። መሐል ላይ ስንደርስ «ቦታዬን ወሰድክብኝ፣ ወሰድሽብኝ» እያልን ስንት ጊዜ አስታርቃችሁናል?

በምሳ ሰዓትም ክርክሩ አይቆምም ነበር። እሱ የደረቀ ዓሣዬን ሽታ እየሸሸ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እየሳበ ይጀምረኛል።

«እትዬ ናርዛሪ፣ በእናንተ ቋንቋ ‹አንተ›ም ‹አንቺ›ም አንድ ነው አይደል? ታዲያ ባልና ሚስት ሲሰዳደቡ ማን እንደተሰደበ በምን ይታወቃል?»

«በሚሮጠው» አልኩት።

«ግሡንስ ለምን መጨረሻ ላይ ትደብቁታላችሁ? ሰውዬው ሞተ ወይስ ዳነ እስክትሉ የሰሚው ነፍስ ይወጣል። በዐረብኛ ግሡን ገና አፋችንን ስንከፍት ነው የምንናገረው።»

«ወሬው ገና ሲጀመር ካለቀ ምኑን ትሰማዋለህ?»

ዋናው ልዩነት ግን ጉሮሮ ላይ ነው። ዐረብኛ ከጉሮሮ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ ድምፅ አለው። ቦዶ ደግሞ አንዱን ቃል ከፍ አድርገው ሲሉት ሌላ፣ ዝቅ አድርገው ሲሉት ሌላ ነው። እዚህ ከመጣ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ ከፍና ዝቁን አልቻለበትም፤ እኔም ዐይን የሚሏትን ፊደላቸውን አልቻልኩም። ስሞክር ምግብ ያነቀው ሰው ነው የምመስለው፤ ሰምታችሁኛል።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ሞይኑል ተስፋ ቆረጠብኝና «ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ፤ እዚህ ጋ። ስትያት ሲጨመቅ ይሰማሻል» አለኝ። አደረግሁ። ፊደሏ አልወጣችም። ከጣቴ ሥር ግን የማላውቀው ነገር ነበር። ጠንካራ፣ ለውዝ የሚያህል።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ፊቴን አየና ምሳውን ከደነው። በማግስቱ ጉዋሃቲ ከተማ ሆስፒታል ይዞኝ የሄደው እሱ ነው።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። እብጠቷ የድምፄን ነርቭ ታቅፋ ተቀምጣለች አለኝ። ማክሰኞ ትወጣለች። «ለሕይወትዎ አልሰጋም፤ ለድምፅዎ ግን ቃል አልገባልዎትም። ምናልባት ሹክሹክታ ብቻ ይቀርልዎታል። ደግነቱ ጡረታ ሊወጡ ነው።» ደግነቱ! ልመታው ምንም አልቀረኝም።

እናቴን ታውቋታላችሁ። ዐይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰው የምታውቀው በድምፁ ነው። ድምፄ ከሄደ ጽፌ ላሳያት? አታይም። በእጄ ልጠቁማት? አታይም። ስለ እብጠቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ግን ልሞክረው አልኩ። ጓሮ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን የጁት ቅጠል ትቀነጥሳለች። ቀረብ አልኩና በሹክሹክታ «እማ፣ ሩዙ ደርሷል» አልኳት። ክው አለች። ቅጠሉ ከጭኗ ላይ ተበተነ። «ማን ነው? ኧረ ልጄን ጥሩልኝ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ ቆሜ እኮ ነው! ሹክሹክታ ከፍና ዝቅ የለውም፤ ከፍና ዝቅ የሌለው ቦዶ ደግሞ ለእናቴ የሌላ ሰው ነው። ቶሎ ብዬ በድምፄ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። እጄን ጨብጣ አልለቅም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

አሮናዩ እብጠቷን ሲነካት ይህ ሁሉ ትዝ ብሎኝ ነው የሸሸሁት። አሁን ገባችሁ የምፈራው? ቢላዋውን አይደለም። በገዛ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ እናቴ «ማን ነው?» እንዳትለኝ ነው።

የሞይኑልን ድምፅ ግን እናቴ ታውቀዋለች። በየበዓሉ እየመጣ በዚያ ጠማማ ቦዶው «እንደምን ዋሉ» ሲላት በሳቅ ትፈርሳለች። «ይሄ ልጅ ዛሬም አልተማረም?» ትለኛለች። ስለዚህ ለመንኩት። ከሆስፒታል ስመለስ ደጁ ድረስ አብሮኝ ይመጣል፤ አንዲት ነገር ብቻ ይላታል። «ልጅዎ መጥታለች፤ አጠገቤ ቆማለች።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ብሳሳትስ? ከፍ የሚለውን ዝቅ ባደርገውና ሌላ ነገር ብላትስ?»

«ሌላውን ሁሉ አበላሸው። ይህቺን ብቻ አታበላሽብኝ» አልኩት።

ከሰኞ ጀምሮ ባዶ ክፍል ውስጥ «ልጅዎ፣ ልጅዎ» እያለ የሚጮኽ ሰው ሰምታችሁ ከሆነ እሱ ነው፤ አላበደም። እንደኔው ፈርቷል።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። አቶ ሀዞዋሪ፣ ጉልበትዎ አይድከም። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ወንዙ ሲሞላ ቤታችሁን አይንካባችሁ። ያ ሰሌዳ ከግራም ከቀኝም የሚጽፍበት አይጣ። ስትጣሉም በድምፃችሁ ተጣሉ፤ ድምፃችሁን ያቆይላችሁ። እንደ አባቶቻችን እምነት በየግቢያችሁ ቁልቋል ሥር የምትጸልዩም፣ መስጊድ የምትሰግዱም፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱም፣ ማክሰኞ ጠዋት አስታውሱኝ። ዕድሜ ሳይሆን ድምፅ ለምኑልኝ።

ሞይኑል፣ ወዲህ ና። ተነሥና እዚሁ በሁሉም ፊት አንዴ «ልጅዎ መጥታለች» በል። ይሳቁብህ፣ ምን አለበት? ዛሬ ገና ዓርብ ነው፤ ድምፄ ሳለ ላርምህ።