ሲስተር አትበሉኝ

ከጉደር ወደ አምቦ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ አዛውንት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ነርስ ያዋሯታል።

«ሲስተር፣ ዛሬም ቤት ለቤት ስትዞሪ ነው?»

«አዎ ኦቦ። በሽተኛ ቤት የምንዞረው ሴቶቹ ነን፤ የደሞዝ እድገቱ ግን ክሊኒክ ለተቀመጡት ወንዶች ነው።»

«እነሱማ ዶክተሮች ናቸው!»

«የምን ዶክተር! ነርስነት አብረን ነው የተማርነው። እናንተ ናችሁ ወንድ ባያችሁ ቁጥር ዶክተር የምትሉ።»

«አንቺንስ እህታችን ብለን እናከብርሽ የለ?»

«የጎዳኝ እሱ ነው። ለእህት ማን ይከፍላል?»

«እና ምን እንበልሽ? ጓድ?»

«ነርስ! አለቃዬም ከዛሬ ጀምሮ ሲስተር ቢለኝ አቤት አልልም።»

«ሲስተር፣ እዚህ ነሽ ወራጅ?» አለ ሾፌሩ።

ዝም አለችው።

«ነርሷ ይወርዳሉ!» ብለው ጮኹ አዛውንቱ።

በሩ አጠገብ ነበርኩና «እለፊ እህቴ» ልላት ስል ዋጥኩት።