ባዶው ወንበር ሲከራከር

ዝናብ ሲያባርረኝ ከሰዓት ሠሪው በረንዳ ሥር ገባሁ። ሰው ሲናገር ማቋረጥ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት እኚህ ሽማግሌ፣ ያን ቀንም ሰላምታዬን አላስጨረሱኝም።

“መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። የልጅ ልጄን ምንድን ነው ያስተማሯት?”

“ክርክር ነዋ፣ አባባ። የክበባችን ውድድር ነገ ነው፤ የፈቃዱን ወረቀት እስኪፈርሙልን እየጠበቅን...”

“አልፈርምም! ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ።”

ክንዴን ይዘው በሱቁ በኩል ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ በየራሳቸው ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ከተዘጋው የጓዳ በር ጀርባ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ፤ የአንዷ ድምፅ ቀጭን፣ የሌላው ወፈር ያለ።

“የገባችው እሷ ብቻ ናት” አሉኝ በሹክሹክታ። ብቻዋን በሁለት ድምፅ እንድትለማመድ ያስተማርኳት እኔው ብሆንም ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

በሩን ስንከፍት እውነትም ልጅቱ ብቻዋን ነበረች። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣ በአንዱ ሆና ትደግፋለች፤ ተነሥታ በሌላው ላይ ትቀመጥና ትቃወማለች። ሁለተኛው የሟች አባቷ ወንበር ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

“አዩልኝ? አሁን ያለችውን ወዲያው ታፈርሰዋለች። ይህ ሁለት ምላስ ማብቀል አይደለም?”

“አይደለም፣ አባባ። ማን ደግፎ ማን ተቃውሞ እንደሚናገር የሚወስነው ዕጣ ነው። ተከራካሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ሐሳብ፣ ባለቤቱ ‘አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው’ እስኪል ድረስ መልሶ ይናገራል። ከዚያ ምክንያቱን ይጠይቃል፣ ማስረጃውን ይመዝናል፤ ሰውየውን ግን አይነካም።”

“ወሬ ነው!” ወደ ልጅቱ ዞሩ። “በይ እስቲ እኔን ሁኚና ለምን እንደማልፈርም ተናገሪ።”

ልጅቱ ከራሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ድምጿ አረጀ።

“የማልፈርመው ክርክርን ንቄ ሳይሆን ፈርቼ ነው። በዚህ ክፍል ከልጄ ጋር ተከራክሬ ረታሁት። ባቡር ነጂ ልሁን ሲለኝ አንድ ቃል እንኳ አላስጨረስኩትም። በነጋታው ሄደ፤ ከዚያ የደረሰኝ የሞቱ ደብዳቤ ነው። እሷም መርታት ከተማረች፣ የረታችው ሰው ተመልሶ አይመጣላት ይሆናል።”

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። “ይህን ማን ነገረሽ? ለማንም ተንፍሼ አላውቅም!”

“ማንም፣ አባባ። እርስዎን ሆኜ ሳስብ መጣልኝ። ሐሳብዎ ይኸው ነው?”

“አዎ” አሉ በጭንቅ። “ይኸው ነው።”

ከኪሳቸው ሰዓት አወጡ። “ለአንድ ሰው ስንት ደቂቃ ትሰጣላችሁ?”

“ሰባት” አልኳቸው።

“ማቋረጥ የለም?”

“የለም።”

“እንግዲያው አባትሽን ሁኚልኝ።”

ልጅቱ ተነሥታ ወደዚያኛው ወንበር ሄደች። ወፍራሙ ድምፅ ተመለሰ። “አባቴ፣ ሥራዎን ጠልቼ አይደለም። ባቡር የሚነሣው እርስዎ በሚያስተካክሉት ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ሰዓት ይዤ መሄድ ነው...”

ሁለት ጊዜ የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገጠሙት። ሰባቱ ደቂቃ ሲሞላ እንባቸው እየወረደ መልሰው ተናገሩ። “ሙያዬን ንቀህ ሳይሆን ይዘኸው ልትሄድ ነበር። ያልከኝ ይኸው ነው፣ ልጄ?”

“አዎ” አለ ከወንበሩ በኩል የመጣው ድምፅ። ልጅቱ ግን ያኔ አፏን እንዳልከፈተች እስከ ዛሬ ትምልልኛለች።

“ሂድ፣ ፈቅጃለሁ” አሉ ሽማግሌው ለወንበሩ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙ።

ክርክር ልጆችን አፈኛ ያደርጋል የምትሉ ወላጆች ሁሉ፣ ወደ ክበባችን ብቅ በሉ። ልጆቹ ሰምቶ መጨረስን፣ ሌላው የፈራውን መረዳትን፣ ሳይሰዳደቡ መለያየትን ሲማሩ ታያላችሁ። ሰዓት የሚይዙት እኚያው ሽማግሌ ናቸው፤ ማንንም አያቋርጡም። የሁለቱም ወገን ተራ ሲያልቅ ግን ደወሉን ወዲያው አይመቱም፤ አጠገባቸው ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረው፣ ተራው የልጃቸው እንደሆነ ሁሉ ጥቂት ይጠብቃሉ።